ሐጅ ሊሄድ የተነሳ ሰው ሁሩታ ምን ይሠራል?

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ አዳማ

ወደ ጅቡቲ የሚወስደኝ ባቡር አዳማ የሚደርሰው ሰኞ ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ጂዳ፣ ከጂዳ መካ። እኔ ግን ይኸው በቅሎ አስጭኜ ጀርባዬን ለሐዲዱ ሰጥቼ ወደ አርሲ እየወጣሁ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ዝግጅቱ ላውራ፣ ያለዚያ ሆዴ አይችልም።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ቀን ከሌት ስለ ሶላቱ ያስባል ትሉ ይሆናል። እኔ ያሰብኩት ስለ እግሬ ነው። ከአርመኑ የገዛሁት ጫማ እንዳይልጠኝ ብዬ ከሱቄ እስከ ባቡር ጣቢያ ሲመሽ ሲመሽ እየተለማመድኩ ስመላለስ፣ መንደርተኛው በር ላይ በርጩማ አውጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ዛሬስ ሐጂ አነከሰ ወይስ ደህና ሄደ?» ይባባላል። ሳልሄድ ሐጂ አሉኝ፤ ይበሉ።

ለይለፍ ወረቀቱ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል ስለተባለ አዲስ አበባ ወጥቼ ተነሳሁ። ፎቶ አንሺው «አይንህን እንዳትጨፍን» ስላለኝ እንደ ፈጠጥኩ ቀረሁ፤ ባለቤቴ ከድጃ ስታየው «ምን አይተህ ነው እንዲህ የደነገጥክ?» አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ለፈንጣጣ ክንዴን ጫር ጫር አደረገና እንደ ቡሖ አስነፋው። ኢሕራሙን፣ የሐጁን ነጭ ልብስ፣ ራሴ ከጣቃው ቀደድኩ፤ ጨርቅ ነጋዴ ሆኜ ይህን ለሌላ አልሰጥም። ለባሕሩ ማቅለሽለሽ ሎሚ ገዛሁ።

ያላሰብኩት ጠርሙሱን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የዘምዘም ውኃ አምጣልኝ እያለ ባዶ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። አዳማ ላይ ቡሽ ያለው ጠርሙስ የሚገኘው ከግሪኩ መጠጥ ቤት ብቻ ነው። እናም የተቀደሰው ውኃ የሚመጣው በኮኛክ ጠርሙስ ሆነ ማለት ነው። ከድጃ በአመድና በአሸዋ ደጋግማ ፈትጋ፣ አሽትታ አሽትታ፣ «አሁንም ይሸታል» ብላ እንደገና ወደ ውኃው መለሰችው። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ሳትቀር «ጸበል ጸበል ነው» ብላ አንድ ሰጥታኛለች።

ይኼ ሁሉ ተሟልቶ የቀረኝ የጋሼ ዱዓ ነው። ጋሼ ሁሴን ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ ሁሩታ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ባቡር አዳማ በገባ ሰሞን አባታችን ለሐጅ ሲሄዱ እስከ ጣቢያው ሸኝተው መርቀው የሰደዷቸው እሳቸው ነበሩ። አባታችን ጂዳ ላይ ንዳድ ያዛቸውና እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰው አይሸኙም፤ እንግዳ እንኳ ሲነሳ ጓሮ ይገባሉ። እኔ ልሄድ ነው ብዬ ብልክባቸው «አልሰማሁም በሉት» ብለው መለሱ። በእኛ ወግ ደግሞ ያለ ታላቅ ምርቃት ሩቅ አገር አይኬድም። ከድጃም ቁርጡን ነግራኛለች፤ ሳይመርቁኝ ከተመለስኩ ሰኞ ባቡሩ ያለ እኔ ይሄዳል።

ሐሙስ፣ ረፋድ፤ ወደ ዴራ

አዋሽ ቀጥኗል። በመልካው ስንሻገር ውኃው የበቅሎዋን ሆድ አልነካም። በቅሎዋን ያከራየኝ ገመዳ የአርሲ ሰው ነው፤ የሚያገኘውን መንገደኛ ሁሉ «አከም ጅርታ» ሳይል አያልፍም፣ ከሰላምታውም ብዛት መንገዱ ይረዝማል።

«ባቡሩ ሲመሽ አዋሽ ጣቢያ ያድራል አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ ሌሊት አይሄድም።»

«መርከቡስ የት ያድራል?»

በአላህ፣ ይኼንን አላሰብኩትም ነበር።

«ተወው» አለ ገመዳ ሲስቅ፣ «ስትመለስ ትነግረኛለህ።»

ዴራ ገበያ ላይ ግራር ጥላ ሥር አረፍን። በአንድ መሐለቅ ቅል ሙሉ እርጎ ጠጣን። አቧራው ነጭ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ በትከሻዬ አንጠለጠልኩት፤ እዚህ ማን ያየኛል።

ሐሙስ፣ አመሻሽ፤ ሁሩታ

ጋሼ አጥር ሲያጥሩ ደረስን። እሾሁን ጥለው ሳሙኝ። ከድጃን ጠየቁ፣ ልጆቹን ጠየቁ፣ ሱቁን፣ የጨርቁን ገበያ፣ የአዳማን ሙቀት ጠየቁ። የበቅሎዋን ደኅንነት እንኳ ገመዳን ጠየቁት። ስለ ጉዞዬ አንዲት ቃል የለም። የእጄን መነፋት አይተው «ምን ነካህ?» አሉኝ። «ለመንገዱ የተከተብኩት ነው» ስላቸው ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

ባለቤታቸው እቴቴ ዘሃራ የአርሲ ልጅ ናቸው። ጓዳ ጠርተው ጭኮ አሳዩኝ፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ በእንጨት ዕቃ ጥቅጥቅ ተደርጎ። «ይኼ ጂዳ ድረስ አይበላሽም» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ገብሱን እየለቀመ የመረጠው እሱ ነው። ለማን ነው ስለው ለእንግዳ ይለኛል።»

ደስ አለኝ፤ አለቀ፣ ነገ ይመርቁኛል ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ፤ ሁሩታ

ከጁምዓ ስንመለስ ጠየቅኳቸው።

«ሌላ የፈለግከውን ጠይቀኝ» አሉ። «በሬ ውሰድ።»

«ጋሼ፣ በሬ ባቡር አይሳፈርም። እኔ የመጣሁት ለዱዓዎ ነው።»

«የእኔ ዱዓ አባታችንን አልመለሰም።»

«ሞት የአላህ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ልቤ ያውቃል። ምላሴ ነው እምቢ የሚለኝ። ሂድ የሚለው ቃል እዚህ ጋ ይቆማል።» ጉሮሯቸውን ነኩ።

ተናደድኩ፣ ምን ልዋሻችሁ። የሰው ልጅ ባሕር ሊሻገር ተነስቶ በአንድ ቃል ይታሰራል? ግን ደግሞ ሽበታቸውን ሳየው ንዴቴ ወዲያው ሟሸሸ። እራት ቀርቦ አልበላልኝ አለ። እሳቸውም አልበሉም፤ እቴቴ ዘሃራ ሁለታችንንም ተቆጥተው ገበታውን አነሱት።

ቅዳሜ፤ አዋሽ ዳር

ማለዳ ጭኮውን ጭነን ልንነሳ ስንል ጋሼ የገዛ በቅሏቸውን ኮርቻ ጭነው ቆመዋል። ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ። እስከ አዋሽ ስለ ዝናብ እያወራን ወረድን፤ ዘንድሮ በልጉ ዘግይቷል፣ ሣሩ ገና ነው፣ ከብቱ ከስቷል።

መልካው ላይ ስንደርስ ወረዱ። እኔም ወረድኩ።

«እንግዲህ ልሄድ ነው» አሉ።

«የት?»

«ሁሩታ ነዋ። መንገደኛ ነኝ። ሸኘኝ።»

«ጋሼ፣ ተጓዡ እኮ እኔ ነኝ።»

«ታላቅህ ሸኘኝ ሲልህ አትከራከር።»

ገመዳን አየሁት፤ አቀርቅሮ የበቅሎዋን መጫኛ ያጠብቃል። እሺ አልኩ። ጋሼ ተመልሰው በቅሏቸው ላይ ወጡ፣ እኔ እንደ ወጉ እርካባቸውን ይዤ በመጡበት መንገድ ከጎናቸው ተራመድኩ። ከአንድ ግራር ዘንድ ስንደርስ ልጓሙን ሳቡ።

«በቃ፣ እዚህ ይበቃሃል። መርቀኝ።»

ታናሽ ታላቁን ሲመርቅ ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም እጄን ዘረጋሁ። «አላህ መንገድዎን ያቅናው» አልኩ።

«አሚን።»

«ከክፉ ይሰውርዎ። ያሰቡበት ያድርስዎ።»

«አሚን፣ አሚን።»

«ቤትዎ በሰላም ያግባዎ። ልጆችዎን በደኅና ያግኙ፣ ደጅዎ አይዘጋ።»

«አሚን» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰበረ፤ መዳፋቸውን በፊታቸው ላይ አሳለፉ። ያን ያህል ከልቡ አሚን ያለ ሰው መስጊድ ውስጥም አላየሁም። የእኔም ዓይን ሞላ።

«እኔስ ታዲያ?» አልኳቸው።

«አንተማ ሸኚ ነህ» አሉ። «ያን ጊዜ ከጣቢያው ወደ ቤቱ የተመለሰው ሸኚው ነው። እኔ ነኝ። አሁን ሸኚው አንተ ነህ።»

በቅሎዋን ነካ አደረጓትና ሄዱ፤ ዞረው አላዩኝም። ሸኚ ቀድሞ ፊቱን አያዞርምና፣ ከዓይኔ እስኪሰወሩ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ አዋሽን ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ፤ ሰኞ ባቡሩ ያለ እኔ አይሄድም።