የቻይናው ጆንያና የአገሬ ጭቁኝ

ወረርሽኙ ከተማውን በዘጋበት ዘመን፣ ከምኖርበት የሐበሾች ሰፈር ከሜይፌር በእግሬ እየሄድኩ የምሠራበት ትንሽ ላቦራቶሪ ነበር። የቻይና የባህል መድኃኒት የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደረቅ ቅጠላቸውን ለምርመራ ያመጡልናል። መጀመሪያ ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን እንደነበርኩ ባለቤቱ ሲሰማ መመርመሪያው ጠረጴዛ ጋ ወንበር ሰጠኝ። ያንን ወንበር ምን ያህል እንደምወደው ለማንም አልተናገርኩም።

የቅርብ አለቃዬ ያገሬ ልጅ ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ «ዶክተር በሉኝ» ይላል፤ በዕድሜ እናቱ የምሆነውን ሴት ደግሞ «አንቺ» ይላል።

አንድ ጠዋት ከቻይና መጣ የተባለ የመድኃኒት ቅጠል ጆንያ ፈታሁ። ማስኬን ዝቅ ሳደርግ የሸተተኝ እናቴ ለሆድ ቁርጠት እያሸች የምትሰጠኝ ጭቁኝ ነው። እሱ እዚህ በአህጉራችን ደቡብ ጫፍም ይበቅላል፤ የአገሩ ሰዎች ኡምህሎንያኔ ይሉታል፤ ያን ሰሞን ለወረርሽኙ ይበጃል ተብሎ መንገድ ዳር ሁሉ ይሸጥ ነበር። የቻይናው ቅጠል የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ደርቆ ሲደቅቅ ዓይን አይለያቸውም።

«ይሄ የቻይናው አይደለም» አልኩት አለቃዬን።

«ማዘር፣ አፍንጫሽ ማሽን ነው እንዴ? ማስክሽን መልሺ!»

በደንቡ ሠራሁት። የትክክለኛውን የቻይና ቅጠልና የጆንያውን ጭማቂ፣ ነጭ ዱቄት በተቀባ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ጠብ አደረግሁ። የመስታወቱን ግርጌ ፈሳሽ ውስጥ አቁሜ፣ ፈሳሹ ጠብታዎቹን ይዞ ቀስ እያለ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አየሁ። ዛሬም የሚናፍቀኝ ያ ዝምታ ነው። አሲድ ረጭቼ ሳሞቀው፣ የቻይናው ብቻ የሚያወጣው ሮዝ ነጥብ በጆንያው በኩል የለም።

«ቦታ አቀያይረሽ ነው። ወደ ጠርሙስ አጠባሽ ትመለሻለሽ!»

«እንግዲያው ዶክተር፣ ራስዎ ጠብ ያድርጉት። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ልቁም።»

አደረገው። ልምዱ ስለሌለው ሁለቱ ጠብታዎች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ሮዙ አሁንም በትክክለኛው በኩል ብቻ ወጣ።

ከሰዓት ባለቤቱ መጥቶ «ማን ነው ያገኘው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አለቃዬ። «መጀመሪያ ሽታው አጠራጠረኝ።»

ሽታው! ማስኩን ካፍንጫው አውርዶ አያውቅም።

አፌን ብከፍት ወንበሬን እንደማጣ አውቅ ነበርና መስታወቶቹን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ። ጆንያው ለነጋዴው ተመለሰ፣ እሱ ተመሰገነ፣ እኔ ተቀምጬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ላቦራቶሪው ከተዘጋ ቆይቷል። ወንበሩ ከሌለ የምፈራው ነገር የለኝም፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ።