ደሜን ላካፍላት ብዬ

ኧረ ሆዴን! ገና ሳልጀምረው ሳቄ ቀደመኝ። ታገሱኝ፣ ዋናው ኋላ ነው ያለው።

ከገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ከጥሩነሽ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ክንዴን አስረው ለኩኝና «ደም ብዛት አለብዎት» አሉኝ። እሷን መርምረው ደግሞ «ደም ማነስ» አሏት። እኔ እቴ፣ እግዜር ራሱ ያገናኘን መሰለኝ! እጅጌዬን ሰብስቤ «ሲስተር፣ እኔ ጋ ተርፏል፣ እሷ ጋ ጎድሏል፤ ቅጂና ስጫት!» አልኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሲስተሯ እንባዋን እየጠረገች «ማዘር፣ ደም ብዛት ማለት ግፊቱ ነው እንጂ ደምዎ በዝቶ አይደለም፤ ጨው ይቀንሱ» አለችኝና ወደ ጥሩነሽ ዞረች። «የእርስዎ ደም ግን የት እየሄደ ነው?»

«ጾም አብዝታ ነው!» ብዬ እኔው መለስኩላት። ፊቷ ሲገረጣ አይቼ ወራት ሙሉ ቀይ ሥርና ምስር ያበላኋት እኔ ነኛ! ሰው ደግሞ ሳቀ። ጥሩነሽ ግን አልሳቀችም።

የማህፀን በር ካንሰር መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው፤ ሐኪሙም «ምነው ቀደም ብለው በመጡ ኖሮ» አለ። እኔን የሚቆጨኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ እያወራሁ፣ አንድ ቀን እንኳ እሷን አላስወራኋትም። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ግን የሰበሰብኩትን እጅጌዬን ቀስ አድርጋ እየመለሰችልኝ፣ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

«ተይ አስካልዬ፣ አትድከሚ። የወር አበባዬ ከቆመ ስንት ዓመቱ፣ ደሙ ግን አልቆመም። አንቺ ከላይ ብትሞዪኝ ከታች ይፈሳል።»