ለመዝገብ ቤት የሚሆን ልብስ

ማንጠግቦሽ የይጁቤ ከተማ ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰባት ዓመት ወለል ስትወለውል፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ኮሌጅ ስትማር ኖራ፣ በ2001 ዓ.ም. ዲፕሎማዋን ይዛ የዚያው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። የጽዳት ጋወኗን አጥባ፣ ተኩሳ ለንብረት ክፍል አስረከበች።

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ደመላሽ ቢሯቸው አስጠሯት። "ከእንግዲህ ባለጉዳይ ፊት ነው የምትቀመጪው። አለባበስሽ ቢዝነስ ካዡዋል ይሁን" አሏት። ከባሕር ዳር ስልጠና የተመለሱ ሰሞን ነበርና ቃሉን ይዘውት የመጡት ከዚያው ነው።

"ምን ዓይነት ነው እሱ?"

"ሱፍ አይደለም፤ ተራ ልብስም አይደለም። መካከለኛ ነው። ሰው ጠይቂ።"

ጠየቀች። አንዱ ሱሪ ካልሆነ አይሆንም አላት። ሌላዋ ጉርድና ሸሚዝ ይበቃል አለች። የሂሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። ማንጠግቦሽ ቅዳሜ ልባሽ ጨርቅ ተራ ወርዳ፣ ክምሩን ስታገላብጥ ውላ፣ ጥቁር ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ይዛ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ከክልል ሁለት እንግዶች መጡ። ነጭ ሸሚዟንና ጥቁር ጉርዷን አይተው፣ "እኅታችን፣ ሁለት ሻይ፤ አንዱን በሎሚ" አሏት። ማዶ ያለው ሆቴል አስተናጋጆች የሚለብሱት ይህንኑ ነበር። አቶ ደመላሽ አጠገባቸው ቆመዋል። "የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ናት" ማለት ሲገባቸው ፈገግ ብለው፣ "አምጪላቸው እንጂ፤ የለመድሽው ሥራ ነው" አሏት።

ሻዩን አመጣች። ቀኑን ሙሉ ያንገበገባት ማምጣቷ ነበር።

ማክሰኞ ለምርቃቷ ያሰፋችውን ሱፍ ለብሳ ገባች። የሂሳብ ሠራተኛዋ "ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?" ስትል ኮሪደሩ ሳቀ። አቶ ደመላሽም ከቢሯቸው ብቅ ብለው፣ "ይሄ እንኳ በዛ። መካከለኛ አላልሁሽም?" አሉ። እሳቸው ብብቱ የተተረተረ ሹራብ ደርበው ነበር። ደሟ ፈላ።

"በጽሑፍ ይስጡኝ" አለቻቸው።

"ምኑን?"

"ምን እንደምለብስ። መመሪያ ካለ ቁጥሩን ይንገሩኝና ፋይሉን ላውጣው። ትናንት ከሰዓት መደርደሪያውን ሙሉ ፈትሼዋለሁ፤ የለም።"

"ልብስ በመመሪያ አይለበስም። ሰው ከሰው አይቶ ይማራል።"

"ከማን ልይ? ከእርስዎ ሹራብ? ሰባት ዓመት ወንበራችሁ ላይ ጥላችሁ የምትሄዱትን ኮት አቧራ ያራገፍሁት እኔ ነኝ። የማን ኮሌታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ለማንም አላወራሁም።"

የሚስቅ ጠፋ። አቶ ደመላሽ ፊታቸው ተለዋውጦ፣ "በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንገናኛለን" አሉ።

"ይጻፉ። ያጠፋሁት በጉርዱ ይሁን በኮቱ ግን ይጠቀስ፤ አለዚያ አልፈርምም።"

ደብዳቤው ረቡዕም ሐሙስም አልመጣም። ዓርብ ዕለት ጸሐፊያቸው ማንጠግቦሽ ዘንድ ገብታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሦስት ጊዜ አስጽፈውኝ ሦስት ጊዜ ቀደዱት። ጥፋቱን ምን እንደሚሉት ጨነቃቸው" ብላ ነገረቻት። ማንጠግቦሽ አልሳቀችም። ደብዳቤው ቢመጣ በወደደች፤ ንዴቷን የምታሳርፍበት አንድ ወረቀት ታገኝ ነበር።

ታየች የምትባለው እኅቷ፣ "ሥራውን እንደሆን አግኝተሽዋል፤ ምን አስጨነቀሽ? ተይው" ብትላት፣ "ሰው ፊት አዋረዱኝ እኮ፤ ምኑን ልተወው?" አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ማንንም ሳትጠይቅ ያሻትን ለበሰች። ክረምት ሲገባ በቦት ጫማና በወፍራም ሹራብ መስኮቷ ላይ ተቀመጠች፤ የተናገራት የለም። ከአቶ ደመላሽ ጋር "እንደምን አደሩ" ከመባባል ያለፈ ቃል አልነበራቸውም።

በሁለተኛው ዓመት አቶ ደመላሽ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ ሲዛወሩ የግል ማኅደራቸውን ሊወስዱ መስኮቷ ላይ መጡ። አውጥታ አስፈርማ ሰጠቻቸው። አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ትንሽ ቆሙ። እሷ ቀና ሳትል የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራች።