የቁም ጸሐፊው ጭረት

ንፋስ መውጫ ላይ ስልክ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁም። ሰው ዕቃ ሲመርጥ ማየት ከሰለቸኝ ቆይቷል፤ ቀለሙን አይቶ ይወስድና ሳይሰነብት ሊጣላኝ ይመጣል። እንደ እህቴ ባል እንደ መሪጌታ ይግዛው ዕቃ የመረጠ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

መሪጌታ ከኛ ራቅ ብላ ገጠር ባለችው በቤተ ልሔም ደብር ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው ብራና ያወጣሉ፤ ቀለሙን ራሳቸው ይበጠብጣሉ፤ ብርዑን ከመቃ ይቀርጻሉ። ዳዊት ሲጽፉ ጠረጴዛ አያውቁም፣ ጉልበታቸው ላይ ነው። ከተሳሳቱ ብርዕ በሚቀርጹበት ሰንጢ ስሕተቱን ፍቀው ያነሡና በላዩ ይጽፉበታል። ብራና ይህን ይችላል። ሲቆጡ አፋቸው ክፉ ነበር። የኔን ሱቅ «የጩኸት ቤት» ይሉት ነበር፤ እኔም ለእህቴ ለውብነሽ ስል እውጠዋለሁ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ እድላዊት። ጽሕፈት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጎንደር ገብታ ሕክምና ስትማር ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ፣ በ2008 ክረምት፣ ለዕረፍት መጣች። ደብተሮቿን ተሸክማ መዞር እንዳቃታት፣ ጓደኞቿ ግን በብርዕ የሚጻፍበት ታብሌት ይዘው የልቡንም የሳንባውንም ሥዕል በየቀለሙ እየሳሉ እንደሚያጠኑ አወራች። መሪጌታ ታብሌት የሚባለው ነገር ደንታቸውም አልነበረም። በብርዕ የሚለውን ሲሰሙ ግን ቀና አሉ። ልጄ የምትጽፍበትን እኔ ሳላየው አይገዛም ብለው እስከ አርብ ገበያ ከተማ በእግር፣ ከዚያ በመኪና፣ ከልጃቸው ጋር ሱቄ ድረስ መጡ።

ከባሕር ዳር ሁለት አስመጥቼ ነበር። አንደኛው ሰፊ ነው፣ ብርሃኑም ያምራል፤ የብርዑ ጫፍ ግን ድቡልቡል ጎማ ነው። ሁለተኛው አነስ ይላል፣ ብርዑም ቀጭን ነው። የእድላዊት ዓይን ሰፊው ላይ ነበር፣ ሥዕል ያሳያልና። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰፊውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «በስመ አብ» ብለው ሲጀምሩ መዳፋቸው ያረፈበት ሁሉ መስመር አወጣ፤ ጽሕፈቱ ተዘበራረቀ።

እጅ ሳያርፍ እንዴት ነው የሚጻፈው ብለው ተቆጡኝ፣ እኔ የሠራሁት ይመስል።

ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። እሱ መዳፍን ከብርዕ ይለያል። ጫን ሲሉት መስመሩ ይወፍራል፣ ሲያላሉት ይቀጥናል። አንዲት ፊደል ጻፉና ብርዑን አነሡ። ብርዕ ሳይቀይሩ ቀዩን ቀለም እንዴት እንደሚያወጡ ልጃቸው ስታሳያቸው ሳቁ፤ መሪጌታ ሲስቁ ማየት ብርቅ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ አገኙበት። «መስታወት ነው፤ ብርዑ አይነክስም» አሉ። ብራና ላይ ብርዕ ያዝ ማድረግ አለበት፣ እጅን የሚመራው እሱ ነው አሉን። ቢሆንም ይኸው ይሁን ተባለ። እድላዊት ሰፊውን አንዴ ዞር ብላ አየችና እሺ አለች። ከአንዲት ፊደል በላይ ለምን እንዳልጻፉ ማናችንም አልጠየቅንም።

በመሪጌታ ቤት አንድ ልማድ አለ። ተማሪ የራሱን መጽሐፍ ሲጀምር የመጀመሪያዋን መስመር የሚጽፍለት መምህሩ ነው። የክርስትና ስሙን በቀይ ያኖርለታል፣ ተማሪው ከዚያ ይቀጥላል። እድላዊትም ወደ ጎንደር ከመመለሷ በፊት ታብሌቱን በዚሁ ልማድ እንዲከፍቱላት ጠየቀቻቸው። ዛሬ ነገ አሉ። ፍልሰታ ነው አሉ፣ ዓይኔን አሞኛል አሉ። ክረምቱ እንዲሁ አለቀ። ልጅቱን ልሸኝ ቤተ ልሔም በሄድሁበት ማለዳ ሻንጣዋን ዘግታ ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አኖረችው። መሸሻ አጡ።

«ወለተ» ብለው ጻፉ፤ ደህና ነበር። «ሚካኤል» ላይ ሲደርሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠና መስመሩ ከፊደሉ ወጥቶ ተጣመመ። በመልአኩ ስም ላይ መሆኑ ይመስለኛል ያስደነገጣቸው። እድላዊት በጣቷ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ እሳቸው ቀደሙ። ሰንጢውን ከወገባቸው መዘዙና የተጣመመውን ፋቁት። ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ ነው ያረሙት። መስታወቱ ሲጮህ ሁላችንም ሰማን። ፊደሉ ግን ከሥር እንደነበረ ነበር።

ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ልጅቱን ሳይ ዘጋሁት። ታብሌቱን ዞራ እንኳ አላየችውም። ሰንጢውን ቀስ ብላ ተቀበለቻቸውና እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። በእጇ ውስጥ ሆኖም አውራ ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባ፣ እጅዎ እንዲህ ከሆነ ቆየ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው» አሉ። «ብራናው ያውቃል፤ ለሌላ አልነገርሁም።» ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው፣ «አበላሸሁብሽ» አሏት።

እኒያ ኩሩ ሰው እንደዚያ አንሰው አይቻቸው አላውቅም። እህቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም ሻንጣ የማነሣ መስዬ ወጣሁ።

እድላዊት ጎንደር ይዛቸው ሄደች። የነርቭ በሽታ ነው፣ ቀስ እያለ ይብሳል ተባለ። መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን አስታገሠላቸው እንጂ ጽሕፈታቸውን አልመለሰላቸውም። የጀመሩት ዳዊት መሀል ላይ ቀረ፤ ቀለሙ ማኖሪያ ቀንዱ ውስጥ ደረቀ፤ ቆዳ የሚወጥሩበት እንጨት የዶሮ ማደሪያ ሆነ። በኋላ በኋላ እንጀራ ወደ አፋቸው ማድረስ አቅቷቸው ውብነሽ ታጎርሳቸው ነበር። ልጃቸው ስትመረቅ ሳያዩ ዐረፉ።

ከተዝካራቸው በኋላ እድላዊት፣ አሁን ዶክተር ሆናለች፣ ሱቄ መጣች። የታብሌቱ ባትሪ ደክሞ ነበርና ቀየርሁላት። መስታወቱንም በዚያው ላድስልሽ፣ ዋጋ አልጠይቅሽም አልኋት። አይሆንም አለች። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። «ወለተ ሚካኤል» ይላል፣ በቀይ፤ የተጣመመው መስመርም አለ። አንዴ በጣት ቢነካ የሚጠፋ ነው። ከሥሩ የሷ ጽሕፈት ይቀጥላል።

ጭረቱ ስትጽፊ አያስቸግርሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እዚያ ላይ ስደርስ ብርዑ ይነክሳል» አለችኝ። «አባ የሚወዱት እንደሱ ነበር።»