ጉልላት የሌለው ጸሎት ቤት

ጸሎት ቤቷ ዛሬም አለች። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ከመንገዱ በስተግራ፣ ባሕር ዛፉ መሀል። አራት ማዕዘን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፤ በቀኝ ሁለት መስኮት፣ በግራ አንድ። ሁለተኛው የግራ መስኮት የቀረው እንጨት ስላለቀብን ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። መንገደኛ የእህል መጋዘን ትመስለዋለች።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ከሆሳዕና ወደዚያ ስመደብ፣ የባፕቲስት አማኞች ከነልጆቻችን አሥራ አራት ነበርን። አብዛኞቻችን መጤ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። የምንሰበሰብበትን ክፍል ያከራየን ሰው ሁሉ መዝሙር ሲሰማ «ልቀቁልኝ» ይላል፤ ሦስት ቤት ቀየርን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዲት የአገሩ ተወላጅ ከጓሮዋ ቆርሳ ቦታ ሰጠችን።

የቸገረን አናጢ ነበር። የታወቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክብ ቤትና ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ የኖሩ፣ ጾም የማይሽሩ ኦርቶዶክስ። ንድፌን ከደብተር ገንጥዬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«ምሰሶው የታለ?»

«ምሰሶ የለውም ጋሼ። መሀል ላይ ከቆመ ሰባኪውን ይጋርዳል።»

«ሰባኪው ፈቀቅ ይበላ!»

ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ምሰሶውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ አስጠግተው ተከሉት። ከግራ የሚቀመጠው ሰው እስከ ዛሬ አንገቱን አዘንብሎ ነው ስብከት የሚሰማው።

ማገሩ ተማግሮ ሲያልቅ፣ «ክዳን ሳይለብስ ጭቃ እንዳትመርጉ» ብለው አስጠነቀቁን። እኔ ግን መጠበቅ አልሆንልህ አለኝ። አራተኛ ጊዜ የምንባረር ይመስለኝ ነበር። ቆርቆሮው ከደብረ ማርቆስ ሳይመጣ ሰዎቹን አጣድፌ ግድግዳውን አስመረግሁ። ሽማግሌው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ቆርቆሮው መጣ። በማግስቱ ሽማግሌው ቀሩ። ሦስት ቀን ጠብቄ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ መጥረቢያ ይስላሉ፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

«የንስሐ አባቴ ጠርተውኝ ነበር» አሉ። «ሰው አውርቶብኛል። ለጴንጤ ቤት ትሠራለህ ወይ አሉኝ። እሠራለሁ አልሁ። ዝም አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ክፍል ውስጥ እኩልታ እየጻፍኩ ዓይኔ መስኮት ላይ ነው። ሰማዩ ጠቆር ካለ ጠመኔውን ጥዬ እሮጣለሁ፤ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ላስቲክ እንጎትታለን። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቀደመን። ስደርስ የምሥራቁ ግድግዳ ግማሹ ወርዶ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ገጦ አገኘሁት። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ሰው እንኳ አልወቀሰኝም፤ እሱ ባሰብኝ።

በማግስቱ ወደ ሽማግሌው ንስሐ አባት ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ፣ ወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። ስጠጋ እጃቸው በልማድ ወደ መስቀላቸው ሄደ፤ እንደማልሳለም ትዝ አላቸው መሰለኝ መንገድ ላይ ቀረ። ሁለታችንም አፈርን።

«እንደምን ዋሉ አባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግድግዳችሁ ወደቀ አሉ።»

«ወደቀ። ክዳን ካልለበሰ ክረምቱ ሁሉንም ይወስደዋል።»

«ልጆች ይገቡበታል?»

«ስድስት ልጆች አሉን።»

መስቀላቸውን ዳሰስ አደረጉ። እኔ በእግሬ ጣት መሬት እጭራለሁ።

«ሃይማኖታችሁን አልባርክም» አሉ በመጨረሻ። «ያንን ከእኔ አትጠብቅ። የረጠበ ግድግዳ ግን ሲወድቅ ሃይማኖት አይለይም። ለሰውዬው እኔው እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ፤ ጉልላትም መስቀልም እንዳታወጡበት። መንገደኛ ከሩቅ አይቶ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ እንዳይሳለም።»

ማንንም ሳላማክር ቃል ገባሁ። ማታ ስነግራቸው ቦታውን የሰጠችን ሴት እንባዋ መጣ። «መሬቱ የእኔ፣ ቃሉ የአንተ?» አለችኝ። ይቅርታ እስክታደርግልኝ ወራት ፈጅቷል።

ሽማግሌው ተመልሰው በአራት ቀን ቆርቆሮውን መትተው ጨረሱ። የወደቀውን ግድግዳም ራሳቸው ከእኛ ጋር መረጉት። የመጨረሻውን ምስማር ከመቱ በኋላ ግን ከበሩ ወዲህ አንድ እርምጃ አልገቡም፤ እኔም ይግቡ አላልኳቸውም።

በመጀመሪያው እሑድ ዶፍ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ጸሎቱን ዋጠው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ አቅቶኝ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ድንገት ከውጭ ግድግዳው ተደበደበ። ልጆቹ እናቶቻቸው ላይ ተለጠፉ። መጡብን አልኩ በልቤ።

«ያፈሳል?» የሚል ጩኸት ተሰማ።

የሽማግሌው ድምፅ ነበር። ጸሎት የሚመራው ሰው ሳይቀር ቀና ብሎ ጣራውን ቃኘ።

«አያፈስም!» ብለን አብረን ጮህን።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጋቢያቸው በስብሶ ገላቸው ላይ ተጣብቋል፤ ጎንበስ ብለው ውሃው ከግድግዳው ሥር በየት እንደሚሄድ ያያሉ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ቢያንስ እስኪያባራ» አልኳቸው፤ ዘግይቼም ቢሆን።

«እዚህ በኩል ቦይ ቅደዱለት፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ» አሉኝ። «ግባ በል። የጀመርኸውን ጨርስ።»

ቁልቁለቱን በዱላቸው እየተደገፉ ወረዱ። እኔ ገባሁ፤ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ሌሎቹ ሲዘምሩ በር ላይ ቆሜ፣ አካፋ ከማን ቤት እንደምዋስ አስብ ነበር።