ያሰረ ይፍታ

ደባርቅ ውስጥ መምሬ ፍቅረ ሥላሴ ያልገሠጹት ፍጥረት ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ዶሮ ገብሳቸውን ከጫረችባቸው ለዶሮዋ ኤርምያስን ይጠቅሱላታል። በጾም ቀን ቅቤ ሲነጠር ከሸተታቸው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ነቢዩ አሞጽ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» ይላሉ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው፣ «አላውቅም አባቴ፤ ብቻ ቅቤ አታንጥሪ እንዳላለ አውቃለሁ» ብትላቸው፣ መልሷ በዚያው ቀን ዳባት ደረሰ። ዳባትም ጨው ጨምራበት መለሰችው።

ሰው ይስቅባቸው ነበር፤ ይፈራቸውም ነበር። ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚል ካለ የእኛን አገር ሰው አያውቅም። የተወለዱት አምባራስ ነው። ለምነው፣ በውሻ ተነክሰው፣ በብርድ ተቆራምደው የነቢያትን መጻሕፍት ከነትርጓሜያቸው ተምረዋል። እንዲህ ተጎድቶ የተማረ ሰው የተማረውን በለሆሳስ አይናገርም። ቆመው ሲያስተምሩ ድምፃቸው መናኸሪያው ድረስ ይወርዳል። ረዳቶቹ ከታች «ጎንደር! ጎንደር!» ሲሉ መምሬ ከላይ «ወዮ! ወዮ!» ሲሉ፣ መንገደኛው የትኛውን እንደሚሳፈር ግራ ይገባው ነበር።

ከነቢያት ሁሉ ግን ዮናስን በሙሉ ልባቸው አይወዱትም። በየዓመቱ በነነዌ ጾም መጽሐፉ ሲነበብ ማዕበሉንና ዓሣ አንበሪውን እያጣጣሙ ያነባሉ። «ነነዌ ትገለበጣለች» የሚለው ጋ ሲደርሱ የደብሩ ቆርቆሮ ይርገፈገፋል። ከተማይቱ ንስሐ ገብታ ከዳነች በኋላ ነቢዩ «ለምን ተማረች?» ብሎ ያኮረፈባትን የመጨረሻዋን ምዕራፍ ግን፣ የታመመ ጥርሱን ምላሱ እንደነካበት ሰው፣ ቶሎ ቶሎ ብለው ያልፏታል።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ናዝራዊት የምትባል። ሚስታቸው ሸጊቱ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ የወለደቻት ናት። ሣቋ የእናቷ፣ ግትርነቷ የአባቷ ነበር። የሆቴል ሙያ ተምራ ቡይት ራስ ከሚገኙት ሎጆች በአንዱ አስተናጋጅ ሆና ተቀጠረች። ዐቢይ ጾም ገባ። ፈረንጅ ደግሞ ጾም አያውቅም፤ ጥብሱን ያዝዛል፣ እሷም ሳህኑን ታቀርባለች። አባቷ ሰሙ። ማን ነገራቸው? ማንም አይደለም፤ ደባርቅ ናት የነገረቻቸው። እዚህ አገር ወሬ በእግሩ አይሄድም፤ አይሱዙ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው።

ቤት ውስጥ ቢቆጧት ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። እሳቸው ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆሙ። ስም አልጠሩም። «በጾም የሥጋ ሳህን የምትሸከም ልጅ አለች» አሉ። የኢሳይያስን ወዮታ፣ የሕዝቅኤልን እሳት አወረዱት። መጨረሻም መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ንስሐ ገብታ እስክትመለስ የዚችን ደብር ደጅ እንዳትሳለም አውግዣለሁ!» አሉ። ስም አለመጥራታቸው ምን ይረባል? ምእመኑ ሁሉ አንገቱን ወደ ሴቶች በር አዞረ። ናዝራዊት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር።

ማውገዝ ማሰር ነው፤ ያገሩ ሕግ ደግሞ ያሰረ ይፍታ የሚል ነው። መምሬ በልባቸው ቀን ቆርጠው ነበር፤ ለሆሳዕና ሊፈቷት። ትንሽ ትደንግጥ፣ ሥራውን ትልቀቅ፣ ከዚያ መስቀል አሳልሜ እፈታታለሁ ብለው አስበው ነበር። ይህንን ግን ለሰው አልተነፈሱም። ነቢይ የምሕረቱን ቀን አስቀድሞ አያወራም፤ ካወራ ማን ይደነግጥለታል?

ሆሳዕና ሳይደርስ ናዝራዊት ለእናቷ፣ «ጎንደር ወርጄ ጫማ ልግዛ» ብላ ወጣች። ጎንደር በደቡብ ነው። በዚያው ቀን የሹፌሩ የዘመነ አይሱዙ የወደቀው ግን በሰሜን፣ ሊማሊሞ ላይ ነው። ዘመነ የጎረቤት ልጅ፣ ከናዝራዊት ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ ሹፌር ነበር። ገብስ ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። መኪናው ከጠርዙ ሲወጣ እሱን ጫካው ያዘው። አጠገቡ የተቀመጠችውን ናዝራዊትን ግን የያዛት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ደባርቅን ማን ይቻላት! ኮበለሉ ተባለ። አርግዛ ነበር ተባለ። በዳባት በኩል ሲመለስ ደግሞ ወሬው መንታ ወልዶ መጣ። መምሬ ወሬውን አላመኑም፤ አልካዱም። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ለሸጊቱ፣ «ያልሁት ደረሰ» አሏት። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ። ሸጊቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ታበላቸዋለች፣ ጋቢያቸውን ታጥባለች፣ ጥምጣማቸውን ታሰጣለች፤ ጨዋታ ግን ከቤቱ ወጣ።

ዘመነ ፍሬኑ ደካማ መሆኑን እያወቀ ሰውም ጭነትም ጭኗል ተብሎ ተፈረደበትና ታሰረ። ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ትከሻው ጎብጦ ነበር። መሪ ሁለተኛ አልያዘም። ሽማግሌ ላከ፤ መምሬ መለሷቸው። ደግሞ ላከ፤ ደግመው መለሷቸው። እንዲያው ሲታይ ጉድ አይደል? ዕድሜያቸውን ሙሉ «ተመለሱ!» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ አንዱ የምር ተመልሶ ደጃቸው ቢቆም በር ዘጉ።

በመጨረሻ ቢራራ የሚባሉት የበሬ ነጋዴ ብቻቸውን መጡ። ቢራራ ምላሳቸው ከጅራፋቸው የሚረዝም ሽማግሌ ናቸው።

«መምሬ፣ እግዜር ነነዌን ከነከብቷ ማረ። እርስዎ አንድ ሹፌር መማር አቃተዎ?»

«እግዜር ልጁን በአይሱዙ አልገደሉበትም!» አሉ መምሬ፤ ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ።

«በመስቀል ነው የገደሉበት» አሉ ቢራራ። «ያስተማሩንም እርስዎ ነዎ።»

«በነነዌ ጾም መጨረሻ ቀን ይምጣ» አሉ መምሬ።

በቀኑ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ ዘመነን ይዘው መጡ። የሳምንቱ ሰሞነኛ ሌላ ቄስ ስለነበሩ መምሬ ቤታቸው ናቸው። ዘመነ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ እንደ ወጉ፣ ደጃፉ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም፤ የዘመነ ጣቶች ድንጋዩ ላይ ቀልተዋል። ሸጊቱ ምሰሶውን ተደግፋ ባሏን ታያለች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ መምሬ። «ተነሣ።»

መናኸሪያ ድረስ ይሰማ የነበረው ድምፅ ዘመነ ጆሮ ለመድረስ ተቸገረ። ቢራራ ድንጋዩን አውርደው ጣሉለት። መስቀል ተሳለመ። ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ቤት ከገባ በኋላ ነው ነገሩ የታወቀው፤ እርቅ ያለ እህል አይጸናም፤ የታረቁት ከአንድ ገበታ ሳይቆርሱ ቢለያዩ እንዳልታረቁ ይቆጠራል። ቀኑ ደግሞ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ቁራሽ አይነካም።

«ይኸ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማስታረቅ እንጂ ማስታወስ አያውቅም» አሉ ቢራራ። «ከዚህ ቤት ሳንበላ የሚወጣ የለም። እንቀመጥ!»

ተቀመጡ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ውስጥ መምሬ፣ ዘመነ፣ ቢራራና ሸጊቱ ቀሩ። ጠላት ሆኖ መራራቅ ቀላል ነው። ታርቆ ግን ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ፊት ለፊት መተያየት እንዴት ያለ ሸክም ነው! ቢራራ ስለ ገብሱ ውርጭ አወሩ፤ ስለ በሬ ዋጋ አወሩ፤ ወሬውም አለቀባቸው። የአንዱ ሆድ ጮኸ፤ ሁሉም ያልሰማ መሰለ።

ሰዓቱ ሲቃረብ ቢራራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሁልጊዜ ከእርቅ ማዕድ በፊት የሚጠየቀውን ጠየቁ።

«እንግዲህ እህል ሳይቀርብ፣ በሆዳችሁ የቀረ ነገር ካለ አሁን አውጡት። መምሬ?»

«የለኝም።»

«አንተስ ዘመነ?»

ዘመነ ወደ ሸጊቱ አየ።

«አለህ እንዴ? ከራብ ሌላ?»

«ከራብ ሌላ» አለ ዘመነ። «ባይጠይቁኝ ይዤው እቀበር ነበር። ከተጠየቅሁ ግን ዋሽቼ ከማዕዳችሁ አልቆርስም።»

መምሬ ቀና አሉ።

«ናዝራዊት አልኮበለለችም አባቴ። መናኸሪያው ጋ ጠብቃ ያዘችኝ። ‹ቆላ ወርጄ ገዳም ልሂድ፣ አድርሰኝ› አለች። ጭነት አለብኝ፣ ፍሬኑም ደህና አይደለም አልኋት። ‹የተወገዘ ሰው ምን ይፈራል? አባቴ ያሰረኝን የሚፈታልኝ አንድ መነኩሴ አይጠፋም› አለችኝ። ልተዋት ብል ልታለቅስ ሆነ። ጫንኋት።»

ሸጊቱ ከምሰሶው ተላቀቀች።

«ጥምዝምዙ ሲጀምር፣ ‹ዘመነ፣ አባባ ከልቡ ነው ያወገዘኝ?› ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ የሞኝ አፌ… ‹መምሬማ ቀልድ አያውቁም› አልኋት። ሣቀች። እውነትም ሣቀች። ከዚያ ፍሬኑን ብረግጠው የለም።»

ደጅ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ያነጥሳል።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ለምን ዋጥኸው?» አሉ ቢራራ ቀስ ብለው።

«ምን ልበል? ልጃቸውን ገድዬ፣ በላዩ ምላሳቸውንም ልቁረጥ? ሰው ኮበለለች ሲላት ደሜ ይፈላል፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ እሳቸው በምን አፍ ይቀድሳሉ እላለሁ።»

መምሬ ፍቅረ ሥላሴ የሚያውቋቸውን ነቢያት ሁሉ በልባቸው ጠሩ። ኤርምያስም፣ አሞጽም፣ ሕዝቅኤልም አልመለሱላቸውም። አንድ የመጣላቸው ከከተማዋ ወጥቶ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ነነዌ ስትጠፋ ለማየት የተቀመጠው ያ አኩራፊ ዮናስ ነበር። ነነዌስ ቆማ ቀረች። የእሳቸው ልጅ ናት የጠፋችው።

«ለሆሳዕና ልፈታት ነበር» አሉ።

«ለማን ነግረው?» አለች ሸጊቱ።

«ለማንም አልነገርሁም።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም።»

ሸጊቱ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ጓዳ ገብታ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረበች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እንደ ወጉ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚያጎርሰው የተበደለው ነው፤ የሚጎርሰውም የበደለው። መምሬ ጠቀለሉ። እጃቸው ግን ከገበታው በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የተበደለው ማን ነው? እሳቸው መሆናቸውን ጠዋት ያውቁ ነበር። ቢራራን ተመለከቱ፤ ያ ሁሉ ምላስ ያላቸው ቢራራ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ሸጊቱ ከገበታው ሥር ተንበረከከች። ራሷ ጠቀለለችና ለዘመነ አጎረሰችው።

«ብላ ልጄ» አለችው። «አንተስ ፍሬኑ ደህና እንዳልሆነ ነግረሃታል።»

ዘመነ ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ፣ ማኘኩን ትቶ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

መምሬ ከመደቡ ወረዱ። ጠቅልለው የያዙትን ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ጥምጣማቸውን አወለቁ። ሸጊቱ ሽበታቸውን በሌላ ሰው ፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትልቁም ትንሹም ጎንበስ ብሎ ይፍቱኝ ይላቸው ነበር፤ አሁን እሳቸው በሚስታቸው ጉልበት ላይ ጎንበስ አሉ።

«ፍችኝ ሸጊቱ» አሉ።

ሸጊቱ እጇን አነሣች፤ ራሳቸውን የምትዳስስ መሰለች። እጇ አየር ላይ ቆየና ወደ ጭኗ ተመለሰ።

«እግዜር ይፍታዎ» አለች። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

ሽሮውን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ፣ ለእንግዶቹ ውሃ ልታመጣ ተነሣች።