የአስካለች አንገት

ሰገነት ነገር ጠያቂ ናት። ወሰን ሰፈር ካሉት ጋራዦች አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች፤ የፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ሾፌር ዕቃውን ከመያዙ በፊት የት እንደተበላሸበት፣ ማን እንደነገረው፣ ለምን ቀደም ብሎ እንዳላሳየው ይጠየቃል። አንዳንዱ ይናደዳል። አብዛኛው ግን ለጨዋታዋ ሲል ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ያለች ሴት ታቱ ልታሠራ ስትነሣ ነገሩ ቀላል ሊሆን አይችልም። የእጇ አንጓ ላይ "የአገር ነገር" እንዲኖራት ነበር የፈለገችው። ጉርድ ሾላ ፎቅ ላይ ወደሚሠራው ታቱ ሠሪ፣ ወደ በርናባስ ሄደችና "ባንዲራ ሥራልኝ" ብላ ቁጭ አለች።

"የትኛውን?" አላት።

"ስንት ባንዲራ አለን?"

"ባለ ኮከቡ አለ፣ ልሙጡ አለ፣ ባለ አንበሳው አለ። እኔ ሁሉንም እሠራለሁ። ሰው ግን አይቶ ዝም አይልሽም፤ ከወዲሁ መልስ ያዢ።"

ሳታሠራ መልስ ፍለጋ ወጣች። በማግስቱ ጎረቤቷን፣ ጎማ ሻጩን ጠሀን፣ ባንዲራ ለእሱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

"ለእኔ ባንዲራ የትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ነው" አላት። "አርፍጄ ስሮጥ መዝሙሩ ይጀመርና መንገድ መሀል ተገትሬ እቀር ነበር። እስካሁን ስሰማው እግሬ ይቆማል።"

ሰገነት ሳቀች። ግን ያ የጠሀ እንጂ የእሷ አልነበረም። አንበሳውን እንዳትል ደግሞ፣ በሕይወቷ ያየችው አንበሳ አጥር ውስጥ የሚያንቀላፋ ነው።

የእሷን ያገኘችው እቤቷ ነው። ከእናቷ ከወይዘሮ አስካለች አንገት ሻርፕ አይለይም፤ ሙቀት የለ፣ ብርድ የለ። አንድ እሑድ ጎንበስ ብለው ፀጉራቸውን ሲታጠቡ፣ ውሃ የምታፈስላቸው ሰገነት አንገታቸውን ልብ ብላ አየችው። ሻርፑ የሚሸፍነው ንቅሳት ሦስት ዙር ነው፣ በየመሀሉ ትንንሽ መስቀል አለው። የታችኛው ዙር ግን ግራ ጆሯቸው ሥር ሲደርስ ቁርጥ ይላል።

"እማዬ፣ እዚህ ጋ ለምን ቆመ? በር ነው እንዴ? ትርጉም አለው?"

"ዝም አይነቅዝም። ውሃውን አፍስሺ።"

ዝምታ ለሰገነት አልተፈጠረም። ሱቋ ቁጭ ብላ ንቅሳቱን ከነክፍተቱ አንጓዋ ላይ በእስክሪብቶ ሣለችው። ይኼ ነው፣ አለች በሆዷ። ፎቶ አንሥታም ለበርናባስ ላከችለት። ማታ እናቷ እጇን አዩ።

"ይህን ነገር ታጠቢው!"

"ላስነቅሰው ነው፣ እማዬ።"

ወይዘሮ አስካለች ቁጭ አሉና ነገሯት። ከእንጦጦ፣ ከራጉኤል ጀርባ ካለው መንደራቸው ወርደው ቢሮ ጽዳት የተቀጠሩ ሰሞን፣ አንዲት ጸሐፊ ሰው ሁሉ ፊት "አንገትሽን አትታጠቢውም እንዴ?" ብላቸው ነበር። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ሻርፑን መልበስ የጀመሩት ያኔ ነው።

"እኔ ዕድሜዬን ስደብቀው የኖርኩትን አንቺ አደባባይ ልታወጪው?" አሉ፣ ሻርፓቸውን እያጠበቁ።

ሰገነት የምትጠይቀው ጠፋት። እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። እስክሪብቶውን በሳሙና ፈግፍጋ አስለቀቀችው፤ ያለ እናቷ ፈቃድ ላታስነቅሰውም ለራሷ ቃል ገባች።

 ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ አስካለች ጫማቸውን እያጠለቁ "ያ ነቃሽ ልጅ የት ነው የሚሠራው?" ብለው ጠየቁ። ሰገነት ሊቆጡት መስሏት እየፈራች ወሰደቻቸው።

በርናባስ ከፎቶው ላይ አሳምሮ የገለበጠውን ሥዕል አወጣ። "ይኸው እማማ፣ ይዩት። አንድ ቦታ ጎድሎ ነበር፣ እኔ ሞልቼዋለሁ።"

ወይዘሮ አስካለች ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሻርፓቸውን ፈቱ።

"አጉል ሞላኸው፣ ልጄ። ልጅ ሆኜ ስነቀስ፣ ሴቶቹ እጄንም እግሬንም ይዘውኛል። ሦስተኛው ዙር ላይ በቃኝ ብል ማን ይስማኝ! አንድ እግሬ ሲያመልጣቸው የመንቀሻውን ጥላሸት ጣሳ የነቃሿ ቀሚስ ላይ ደፋሁትና ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። ያን የመሰለ ነጭ ቀሚስ!" ሳቅ አፈናቸው። "አባቴም 'በቃ ተዉአት' አለ።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ትርጉሙን ስትጨቀጭቂኝ ነበር። ሌላው ለቁንጅና ነው፤ የአገሩ ሴት ሁሉ ያደርገው ነበር። ይቺ ክፍተት ግን የራሴ ናት።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለ በርናባስ።

"ከነክፍተቷ ንቀስላት።"

ወደ ወሰን ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን የሰገነትን አንጓ አየችው።

"ሲያምር! ምን ማለት ነው?"

ሰገነት አፏን ከመክፈቷ በፊት ወይዘሮ አስካለች ባዶ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"እኔ ነኝ" አሏት።